አሊ ከታይሰን፦ ከአምስተኛው ዙር በኋላ ማን ይቆማል?

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 1970 ምሽት በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የተሰበሰበው ሕዝብ አንድ የሞተ ሰውና አንድ ቦክስ የተከለከለ ሰው ሲፋለሙ አየ። ሮኪ ማርሲያኖ ከአምስት ወር በፊት በአውሮፕላን አደጋ ሞቷል። መሐመድ አሊ ደግሞ ቬትናም አልዘምትም በማለቱ ፈቃዱን ተነጥቆ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። መሪ ዎሮነር የተባለ የማያሚ የራዲዮ አዘጋጅ የሁለቱን መረጃ ለኮምፒውተር ሰጥቶ ውጤት አስወጣ። ቦክሰኞቹም ማርሲያኖ ሳይሞት በፊት በዝግ ስቱዲዮ ገብተው፣ እያንዳንዱ ዙር አንድ አንድ ደቂቃ እየሆነ፣ በካሜራ ፊት ተጫወቱ። ከ1956 ጀምሮ ጓንት የሰቀለው ማርሲያኖ ለዚሁ ብሎ ብዙ ኪሎ ቀንሶ፣ በተመለጠው ራሱ ላይ ሰው ሠራሽ ፀጉር ደርቦ ነበር የቀረበው። የተቀረጸው መጨረሻ ከአንድ በላይ ነው። አሜሪካኖች ያዩት ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር አሊን ሲዘርረው ሲሆን፣ አውሮፓ የታየው ቅጂ ላይ ግን ማርሲያኖ ፊቱ ተሰንጥቆ አሊ ያሸንፋል።

ከዚያ በፊት በ1967 ይኸው አዘጋጅ በራዲዮ ባካሄደው የምንጊዜም ከባድ ሚዛን ውድድር አሊ በጄምስ ጄፍሪስ ተሸንፏል ተብሎ ስለነበር፣ አሊ አዘጋጁን ከስሶት ነበር። ፊልሙ የተወለደው ከዚያ ክስ እርቅ ነው። ኮምፒውተር የተሰጠውን ቁጥር ይደምራል፤ ቁጥሩን የሚሰጡት ግን ሰዎች ናቸው፣ የሚሰጡትም ከየሚዛናቸው ነው። በሁለት ዘመን ሻምፒዮኖች መካከል የሚደረግ ትንበያ ዋጋ የሚኖረው ማስረጃው ፊት ለፊት ተዘርግቶ አንባቢ ሊሞግተው ሲችል ነው። ቦክስ በሚወደድበት ሁሉ እስከ ዛሬ ያልበረደውን ጥያቄ፣ አሊ ከታይሰን ቢገናኙ ማን ያሸንፋል የሚለውን፣ በዚሁ መንገድ ልሞክረው።

ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከመነሻው ነው። አንዱ በልቡ የያዘው ኪንሻሳ ላይ ጆርጅ ፎርማንን በ8ኛው ዙር የጣለውን የ32 ዓመቱን አሊ ነው፤ ሌላው ከእስር ወጥቶ የተጋጣሚውን የሆሊፊልድን ጆሮ የነከሰውን ታይሰን ያስባል። ሁለቱም ሰው እየተሳሳቱ ይከራከራሉ። እኔ የምመርጠው ኖቬምበር 14 ቀን 1966 ሂውስተን አስትሮዶም ላይ ክሊቭላንድ ዊሊያምስን በሦስት ዙር የጨረሰውን፣ 24 ዓመቱ የነበረውን፣ በ27 ግጥሚያ ያልተሸነፈውን አሊ ነው። በሌላው ጥግ የማስቀምጠው ጁን 27 ቀን 1988 አትላንቲክ ሲቲ ላይ ማይክል ስፒንክስን በ91 ሰከንድ የዘረረውን ታይሰን ነው። ያን ምሽት 22 ዓመት ሊሞላው ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ካደረጋቸው 35 ግጥሚያዎች 31ዱን በዝረራ ጨርሷል።

ግን እነዚህ ሁለት ምሽቶች ራሳቸው በጥንቃቄ መታየት አለባቸው። ዊሊያምስ ከሁለት ዓመት በፊት በፖሊስ ጥይት ሆዱን ተመትቶ ከሞት የተረፈ፣ የቀድሞ ጉልበቱን ያጣ ሰው ነበር። ስፒንክስ ደግሞ ከቀላል ከባድ ሚዛን የመጣ ነው፤ ወደ ሪንጉ ሲሄድም ፍርሃቱ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ሁለቱም ምሽቶች የሚያሳዩን ሻምፒዮኖቹ ሁሉ ነገር ሲሳካላቸው ምን እንደሚመስሉ ነው። ሲቸገሩ ምን እንደሚያደርጉ ለማወቅ ወደ ሌሎች ግጥሚያዎች መሄድ የግድ ነው፤ ይህ ፍልሚያ የሚወሰነውም በችግር ሰዓት ይመስለኛል።

ስለ አካላቸው በአጭሩ፦ አሊ 191 ሴንቲ ሜትር፣ ታይሰን 178። የአሊ የክንድ ዝርጋታ 198 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የታይሰን 180 ገደማ ነው። ክብደት ላይ ግን ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ አጭሩ ታይሰን ነበር የሚከብደው። ከስፒንክስ ጋር ሲገጥም 99 ኪሎ ገደማ ነበር፣ አሊ ከዊሊያምስ ጋር ሲገጥም ወደ 96 ኪሎ። ስለዚህ ትልቁ ሰው ትንሹን ይገፋዋል የሚለው ክርክር እዚህ አይሠራም። የ18 ሴንቲ ሜትሩ የክንድ ልዩነት ግን እውነተኛ ነው።

የታይሰንን ጉዳይ ከጥንካሬው ልጀምር፤ ታይሰን በጉልበት ብቻ የሚመታ ሰው አልነበረምና። አሠልጣኙ ኩስ ዳማቶ ከማረሚያ ትምህርት ቤት አውጥቶ ካትስኪል በሚባለው ትንሽ ከተማ ያሳደገው ልጅ፣ ሁለት እጁን ጉንጩ ላይ አጣብቆ፣ ወገቡንና ራሱን ያለ ዕረፍት እያወዛወዘ መግባትን የተማረው እንደ ሒሳብ ነው። በዳማቶ ጂም ውስጥ ዊሊ የሚባል፣ በፍራሽ የተጠቀለለ መምቻ ነበር። የሰው ምስል ተስሎበት በየቦታው ቁጥር ተጽፎበታል፦ አገጭ፣ ጉበት፣ ጎድን፣ ሰርን። በቴፕ የተቀዳ ድምፅ ቁጥር ሲጠራ ልጁ ሳያስብ እዚያው ቁጥር ላይ ያሳርፋል። ስሙ የተወሰደው ከዊሊ ፓስትራኖ ነው፤ የዳማቶ ሠልጣኝ ሆሴ ቶሬስ በ1965 የቀላል ከባድ ሚዛኑን ዘውድ የነጠቀው ፓስትራኖ ደግሞ የአንጄሎ ደንዲ ቦክሰኛ ነበር። የአሊ አሠልጣኝም ደንዲ ነው። እንግዲህ የታይሰን እጅ የተሳለው ከአሊ ጂም በወጣ ሰው ምስል ላይ ነው ማለት ይቻላል። ዳማቶ በ1985 ከሞተ በኋላም አሠልጣኙ ኬቨን ሩኒ ከጥጉ ሆኖ ያንኑ ቁጥር ይጮህለት ነበር።

ከዚያ ሥልጠና የወጣው የሚያስፈራ ነገር ቀኝ እጁ ሁለት ጊዜ በተከታታይ የሚሠራው ሥራ ነው። መጀመሪያ ጎድን ላይ ያርፋል፤ የተመታው ሰው ክንዱን ወደ ታች ሲያወርድ ያው እጅ ከታች ወደ አገጭ ይነሳል። ግራው ደግሞ ከጎን የሚወረወር ሁክ ነው፤ አጭር፣ ከዳሌ የሚነሳ። አሊን በእውነት አደጋ ላይ የሚጥለው ይህ ግራ ነው።

ምክንያቱም አሊን መሬት ያስነኩት ቡጢዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚያው አቅጣጫ የመጡ ናቸው። ሶኒ ባንክስ በ1962 በመጀመሪያው ዙር፣ ሄንሪ ኩፐር በ1963 ዌምብሌይ ላይ በ4ኛው ዙር ማብቂያ፣ ጆ ፍሬዘር በ1971 በ15ኛው ዙር፤ ሦስቱም በግራ ሁክ። ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። አሊ እጁን ወገቡ ላይ አውርዶ ነበር የሚጫወተው፤ ቡጢ ሲመጣ በክንድ ከመከላከል ይልቅ ወገቡን ወደ ኋላ ቀጥ አድርጎ ይለጥጣል። አሠልጣኞች ለጀማሪ አትሞክረው የሚሉት ነገር ነው። ወደ ኋላ የተለጠጠ ሰው ሁለተኛ ማምለጫ የለውም፤ ታይሰን ደግሞ አንድ ቡጢ ወርውሮ የሚያቆም ሰው አይደለም። የታይሰን ደጋፊዎች ይህን ሲያነሱ ልክ ናቸው፤ በመጀመሪያዎቹ አራት ዙሮች አሊ ቢወድቅ አይገርመኝም።

ከወደቀ በኋላ የሆነውን ግን አብረን እንይ። ባንክስን በ4ኛው ዙር፣ ኩፐርን በ5ኛው ዙር አስቆማቸው። ኩፐር በጣለው ጊዜ ደወሉ አትርፎታል፤ ደንዲም ጓንቱ ተቀዷል ብሎ ተጨማሪ ሰከንዶች አግኝቶለታል። ፍሬዘር የጣለው ከ14 ዙር ድካም በኋላ ነው፤ ወዲያው ተነስቶ ዙሩን ጨረሰ። በ61 ግጥሚያ አንድም ዳኛ አሥር ቆጥሮ አልጨረሰበትም። በዝረራ የተመዘገበበት ብቸኛ ሽንፈት በ1980 ከላሪ ሆልምስ ጋር፣ ሰውነቱ አልቆ፣ ደንዲ ራሱ ይብቃ ያለበት ነው። ስለዚህ ታይሰን አሊን ለመጣል የሚያስችለው እጅ አለው፤ ጥሎ ለማስቀረት ግን ሶኒ ሊስተን፣ ፍሬዘርና ፎርማን ያቃታቸውን ማድረግ ይጠበቅበታል።

ታይሰን ደግሞ በጃብ፣ ማለትም በግራ ቀጥታ ቡጢ፣ የሚዋጉ ረጃጅም ቦክሰኞችን ያውቃቸዋል። እዚህ ላይ የአሊ ደጋፊዎች በቀላሉ ማለፍ የሚወዱት ማስረጃ አለ። ፒንክለን ቶማስ በግራ ቀጥታ ቡጢው የታወቀ የቀድሞ ሻምፒዮን ነበር፤ ሜይ 1987 ከታይሰን ጋር ሲገጥም አሠልጣኙ ያው አንጄሎ ደንዲ ነው። ቶማስ በመሃሉ ባሉት ዙሮች ጃቡን እያሳረፈ ታይሰንን አዘገየው፤ በ6ኛው ግን ተዘረረ። የ1984ቱ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ታይሬል ቢግስ፣ ቁመቱ 196 ሴንቲ ሜትር፣ በመጀመሪያው ዙር እየዞረና እየወጋ ጥሩ ጀመረ፤ በ7ኛው ዙር አለቀለት። ሆልምስ በጃንዋሪ 1988 ለሁለት ዓመት ያህል ከሪንግ ርቆ፣ በ38 ዓመቱ ተመልሶ፣ በ4ኛው ዙር በጣቶቹ ቆሞ ጃቡን መወርወር ሲጀምር ተመልካቹ የድሮውን ሆልምስ ያየ መስሎት ነበር። በዚያው ዙር ሦስት ጊዜ ወደቀ። እንግዲህ ጥሩ ጃብ ይዞ መግባት ለብቻው አላዋጣም።

አሊን ከእነዚህ የሚለየው እግሩ ነው። ቶማስ ጃቡን የሚወረውረው ቆሞ ነው። ቢግስ ይዞር ነበር፤ ሆዱ ሲመታ ግን እግሩ ቆመ። ሆልምስ እግሩን ያገኘው ለአንድ ደቂቃ ነው። የ1966ቱ አሊ ግን ጃቡን የሚወረውረው እየሄደ ነው፤ ቡጢው ሲያርፍ ሰውየው ከዚያ ቦታ ወጥቷል። የሚዞረው በአብዛኛው ወደ ግራው ነው፤ ይህ ደግሞ ከታይሰን ግራ ሁክ የሚርቅበት አቅጣጫ ነው። ታይሰን ያን ከባድ ጥምር ለመልቀቅ ሁለቱን እግሮቹን መትከል አለበት፤ በተከለ ቁጥር ዒላማው ግማሽ ሜትር ከሄደ እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር ነው። ሜይ 1986 ጄምስ ቲሊስ፣ ከአሊ ጋር የሚወዳደር ችሎታ ሳይኖረው፣ እየተንቀሳቀሰ ብቻ አሥሩን ዙር ጨርሶ ጠባብ በሆነ ነጥብ ነው የተሸነፈው። ለዚያውም በ4ኛው ዙር ወድቆ ተነስቶ።

የአሊ እግር ምን ያህል እንደሚያስመልጥ ከማውቀው ማስረጃ ሁሉ ጠንካራው ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1964 ማያሚ ቢች ላይ የሆነው ነው። ገና ካሲየስ ክሌይ ይባል የነበረው የ22 ዓመት ልጅ በዘመኑ እጅግ ከሚፈራው ሶኒ ሊስተን ጋር ሲገጥም፣ ከ4ኛው ዙር በኋላ ዓይኑ ውስጥ የሚያቃጥል ነገር ገባና ማየት አቃተው። ጓንቴን ፍቱልኝ እያለ ነበር። ደንዲ ዓይኑን በውሃ አጥቦ ገፍቶ ላከው። 5ኛውን ዙር አብዛኛውን ሳያይ፣ እጁን ዘርግቶ ርቀት እየለካ፣ በእግሩ ብቻ አሳለፈው። 7ኛው ዙር ሲደወል ሊስተን ከወንበሩ አልተነሳም። የሊስተን የክንድ ዝርጋታ 213 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከታይሰን በ33 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ያን ክንድ ሳያይ ያመለጠ ሰው እያየ የታይሰንን ማምለጥ አያቅተውም ብል ማጋነን አይሆንም።

እግሩ ሲደክም ደግሞ ሁለተኛ መሣሪያ አለው፤ በውዳሴው ውስጥ እምብዛም አይነሳም፤ እኔ ግን ይህን ፍልሚያ የሚወስነው እሱ ነው እላለሁ። ማቀፍ ነው። አሊ አጭር ሰው ሲገባበት ግራ መዳፉን ማጅራቱ ላይ ያሳርፋል፣ ወደ ታች ይጫናል፣ ክብደቱን ሁሉ ይለቅበታል። የተያዘው ሰው አንገቱን ቀና ለማድረግ በታገለ ቁጥር ሙሉ ጆንያ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ያህል ጉልበት ይከፍላል። ከፍሬዘር ጋር ጃንዋሪ 1974 ባደረገው ሁለተኛ ግጥሚያ ዳኛው ዝም ስላለው ይህን ደጋግሞ አደረገውና በነጥብ አሸነፈ፤ የፍሬዘር ወገኖች እስከ መጨረሻው ያማርሩበት ነበር። ታይሰን ደግሞ ሲታቀፍ ከዳማቶ የተማረው መልስ አልነበረውም። በማርች 1987 ቦንክራሸር ስሚዝ ነጥብ እየተቀነሰበትም ቢሆን አሥራ ሁለቱን ዙር አቅፎት ቆየ። ስሚዝ ለማሸነፍ አልሞከረም፤ በሕይወት ለመውጣት ነበር የሚያቅፈው። ታይሰን ግን በክንዶቹ መሃል እጁን አስለቅቆ ከመሥራት ይልቅ ዳኛው እስኪለያያቸው ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ሆሊፊልድ በ1996 ይህን አስተውሎ፣ ሲያቅፈው ወደ ኋላ እየገፋ አደከመውና በ11ኛው ዙር አስቆመው። አሊ አቅፎ በመያዝ ከሁለቱም የተሻለ አዋቂ ነው።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይመጣል። አጭር፣ ወደ ፊት የሚሄድ፣ ግራ ሁክ ያለው ሰው አሊን አሸንፎታል፤ ስሙ ጆ ፍሬዘር ነው። ታይሰን ከፍሬዘር ይፈጥናል፣ ሁለቱም እጁ ይገድላል፣ መከላከያውም ይሻላል። ታዲያ ፍሬዘር ያደረገውን ታይሰን ለምን አያደርግም? ይህን ክርክር አከብረዋለሁ፤ ከተቃራኒው ወገን ከቀረቡት ሁሉ የተሻለው ነው። ማርች 8 ቀን 1971 ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የገባው አሊ ግን የ1966ቱ ሰው አልነበረም። ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ከሪንግ ተለይቶ፣ ከተመለሰ አምስት ወር ሳይሞላው፣ ሁለት ግጥሚያ ብቻ አድርጎ ነው የገባው። እግሩ ከሁለትና ሦስት ዙር በላይ አላገለገለውም፤ ገመዱ ላይ ተደግፎ የተመታው ለዚህ ነው። ከዚህም በላይ ፍሬዘር አሊን ያሸነፈበት ነገር ታይሰን የሌለው ነው። ፍሬዘር በ1ኛው ዙር ቀስ ብሎ ጀምሮ በየዙሩ እየጨመረ በ15ኛው ዙር የሌሊቱን ትልቅ ቡጢ ያሳረፈ ሞተር ነበር። ታይሰን የሚሄደው በተቃራኒው ነው፤ በ1ኛው ዙር ከፍ ብሎ ይጀምራል፣ ሰውየው ካልወደቀ በየዙሩ የሚወረውረው ይቀንሳል፣ ጥምሩ ወደ ነጠላ ቡጢ ይወርዳል። ኦገስት 1987 ከቶኒ ታከር ጋር ሦስቱንም ቀበቶ ሲጠቀልል በነጥብ በግልጽ አሸንፏል፤ የመጨረሻዎቹ ዙሮች ግን ተመልካች የሚያስፈራው ታይሰን የነበረባቸው አይደሉም።

ከዳማቶ ቤት የወጣ ሌላ ሰው ደግሞ አሊን ሁለት ጊዜ ገጥሞታል። ፍሎይድ ፓተርሰን ታይሰን ክብረ ወሰኑን እስኪሰብር ድረስ በታሪክ ወጣቱ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የነበረ፣ እጁን ጉንጩ ላይ አጣብቆ ገብቶ የሚዘል፣ በፍጥነቱ የታወቀ ሰው ነው። ኖቬምበር 22 ቀን 1965 አሊ በ12ኛው ዙር አስቆመው፤ በ1972 ደግሞ በ7ኛው። የመጀመሪያው ላይ ፓተርሰን ወገቡ ተጎድቶ ስለነበር ሁሉን ነገር ከዚያ መደምደም አይቻልም፣ ታይሰንም ከእሱ በጣም ይከብዳል። ያም ሆኖ ዳማቶ ያስተማረው አገባብ ለአሊ አዲስ ነገር እንዳልነበር ይመሰክራል።

በትሬቨር በርቢክ በኩል የሚሰላውን ስሌት ግን አልቀበልም። በርቢክ ዲሴምበር 1981 ናሶ ላይ አሊን በመጨረሻ ግጥሚያው አሸንፎታል፤ ታይሰን ደግሞ ኖቬምበር 22 ቀን 1986 በርቢክን በሁለት ዙር አፍርሶ በ20 ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ። ስለዚህ ታይሰን ይበልጣል ይባላል። ናሶ ላይ የወጣው አሊ 40 ዓመት ሊሞላው ከሁለት ወር ያነሰ የቀረው፣ ንግግሩ መጎተት የጀመረ፣ ያን ሌሊት ሪንግ ላይ መገኘት ያልነበረበት ሰው ነው። ያን ምሽት ማስረጃ ማድረግ ለአሊ ብቻ ሳይሆን ለቦክስም ደግ አይደለም።

ታይሰን ራሱ አሊን የሚያየው በልጅነት ዓይን ነበር። ሆልምስ አሊን በደበደበ ማግስት ዳማቶ ለአሊ ስልክ ደውሎ ሲያነጋግረው፣ የ14 ዓመቱ ታይሰን ስልኩን ተቀብሎ አድጌ እበቀልልሃለሁ እንዳለው ተናግሯል። ሆልምስን በገጠመበት ሌሊት አሊ ሪንጉ ላይ መጥቶ ሰላም ብሎታል፤ ቃሉንም ጠበቀ። ሁለቱ ከሹገር ሬይ ሌናርድ ጋር በአርሴኒዮ ሆል የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሲቀርቡ፣ ማን ያሸንፋል ተብለው ሲጠየቁ እያንዳንዱ ለሌላው አደላ። ይህ ትሕትና ነው፤ እንደ ምስክርነት አልቆጥረውም። ከዚያ ይልቅ የምቆጥረው ታይሰን ሲቸገር የሆነውን ነው።

ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1990 ቶኪዮ ላይ አንድ የላስ ቬጋስ ቤት ለበስተር ዳግላስ 42 ለ1 ሰጥቶት ነበር። ዳግላስ ረጅም ነው፣ ጃቡ ረጅም ነው፣ እናቱን ከቀበረ ሳምንታት ብቻ አልፈውታል፤ የሚፈራው ነገር አልቀረውም ነበር። ጃቡን ወረወረ፣ ከኋላው ቀኙን አስከተለ፣ ታይሰን ሲቀርበው አቀፈው። የታይሰን ጥግ ላይ ሩኒ የለም፣ ከዓመት በፊት ተባሯል። የነበሩት ሰዎች ዓይን ሲያብጥ የሚጫኑበትን ቀዝቃዛ ብረት እንኳን ሳይዙ መጥተው፣ የላስቲክ ጓንት በውሃ ሞልተው ዓይኑ ላይ ይዘውለት ነበር። በ8ኛው ዙር ታይሰን ዳግላስን ጣለው፤ ዳግላስ ተነሳ። በ10ኛው ታይሰን ወደቀ፣ በእንብርክኩ የአፍ መከላከያውን ፈልጎ በጥርሱ ጫፍ ነክሶ ለመነሳት ሲሞክር ቆጠራው አለቀ።

የእኔ ታይሰን የ1988ቱ ስለሆነ፣ ሩኒም አብሮት ስላለ፣ ቶኪዮን ሙሉ በሙሉ አልጠቀምበትም። ልምምድ ሳይሠራ የገባ፣ ቤቱ የፈረሰ ሰው ነበር የተሸነፈው። ነገር ግን በሙሉ ዘመኑ ውስጥ፣ ወጣትም ሆኖ አርጅቶም፣ አንድ ነገር አልተለወጠም፦ ወድቆ ተነስቶ ያሸነፈበት ግጥሚያ የለም። በ1988 ደግሞ ገና ወድቆ ስለማያውቅ አልተፈተነም። ከሁሉም ዝረራዎቹ የዘገየው በ1986 ሆሴ ሪባልታን በ10ኛው ዙር ያስቆመበት ነው። ከ8ኛው ዙር በኋላ ያለው የፍልሚያ ክፍል፣ አሊ ስሙን የተከለበት ክፍል፣ ለታይሰን እምብዛም ያልታረሰ መሬት ነው።

ስለዚህ ትንበያዬ ይኸው። ታይሰን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮች ያስፈራል፤ አንዱን ወይም ሁለቱን ያሸንፋል። አሊ ሪንጉን ሰፊ አድርጎ ወደ ግራው ይዞራል፣ ብዙ አይመታም፣ ርቀቱን ይለካል። በ2ኛው ወይም በ3ኛው ዙር የታይሰን ግራ ያገኘዋል ብዬ አስባለሁ፤ ምናልባትም ይወድቃል። ተነስቶ ያቅፈዋል፣ ማጅራቱን ይጫነዋል፣ ጆሮው ሥር እያወራ ደወሉን ያስጠብቀዋል። ከ5ኛው ዙር ጀምሮ የታይሰን ራስ መወዛወዝ ይቀንሳል፤ ራሱ በቆመ ቁጥር ጃቡ ያርፍበታል፣ የግራ ዓይኑ ዙሪያ ማበጥ ይጀምራል። በ7ኛው ሩኒ ከጥጉ ቁጥር እየጮኸ ታይሰን አንድ አንድ ቡጢ ነው የሚመልሰው። አሊ በአንድ ቡጢ የሚገድል ሰው ስላልሆነ ይህ ይረዝማል፤ ከ10ኛው እስከ 12ኛው ባለው ውስጥ ዳኛው መሃል ይገባል። አሥር ጊዜ ቢገናኙ ሰባቱን ለአሊ እሰጣለሁ። ሦስቱ የታይሰን ናቸው፣ ሦስቱም ከ5ኛው ዙር በፊት ያልቃሉ።

ሁለት ነገሮች ይህን ሚዛን ያዛቡታል። አንደኛው ዳኛው ነው፤ ማጅራት መያዝን ከመጀመሪያው የሚቀጣና ሁለት ሦስት ነጥብ የሚቀንስ ዳኛ ከመጣ፣ አሊ የሚደገፍበት ሁለተኛ መሣሪያ ይወሰድበታልና ሰባቱን ወደ ስድስት አወርደዋለሁ። የዙሩ ብዛት ግን ብዙ አያሳስበኝም። ታይሰን የነገሠው በ12 ዙር ዘመን ነው፣ አሊ በ15፤ በ15 ከሆነ ለአሊ ይመቻል፣ በ12ም ጊዜ ይበቃዋል።

ሁለተኛው የምንመርጠው ዓመት ነው፤ እዚህ ላይ ከብዙ የአሊ ወዳጆች እለያለሁ። ኪንሻሳ የፎርማንን ቡጢ በገመድ ላይ ተደግፎ የጠጣው የ1974ቱ አሊ ይበልጣል የሚሉ አሉ። በጥበብና በልብ ይበልጣል። ነገር ግን ፎርማን የሚመታው በሰፊው ከጎን እየወረወረ ነው፤ በክንድ መሃል ማሳለጥ ይቻላል። ታይሰን ገመድ ላይ የተደገፈን ሰው መጀመሪያ ጎድኑን፣ ቀጥሎ አገጩን ነው የሚፈልገው፤ አንድም ቡጢ አያባክንም። የ1988ቱ ታይሰን በ1974ቱ አሊ ላይ ቢገባ፣ እግር የሌለውን አሊ ጥግ ላይ ካገኘው፣ በስድስት ዙር ውስጥ ለታይሰን እፈርዳለሁ።